ሜዳውን ያልለቀቁት መምህርት ጉያቱ ገልገሎ

መምህርት ጉያቱ ገልገሎ ከአባታቸው ከአቶ ገልገሎ ሶራ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲንኪቱ ዋሪዮ ሚያዝያ 11 ቀን 1945 ዓ.ም. በአሬሮ ተወለዱ። አባታቸው በሚሲዮን ክሊኒክ ድሬሰር ስለነበሩ ልጃቸውን በጊዜ ለትምህርት አበቁ። የመጀመሪያ ደረጃን እዚያው አሬሮ፣ ሁለተኛ ደረጃን በነጌሌ ቦረና ተምረዋል። በትምህርት ቤት ሩጫ የሚቀድማቸው አልነበረም፤ ወንዶቹም ቢሆኑ ከኋላቸው ነበር የሚደርሱት።

በ1964 ዓ.ም. የውሃ ጥም አልቆርጥ ብሏቸው፣ ሰውነታቸውም ሲመነምን ተመርምረው የስኳር በሽታ ተገኘባቸው። ሐኪሙ በየቀኑ የኢንሱሊን መርፌ እንዲወጉና ሩጫ እንዲተዉ አዘዟቸው። የመጀመሪያውን ፈጸሙ፤ ሁለተኛውን ለእግዚአብሔር ነግረው አልፈጸሙም። በ1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ተመርቀው ነጌሌ ተመደቡ።

በ1968 ዓ.ም. ከእንስሳት ሕክምና ባለሙያው ከአቶ ሸዋንግዛው ብርሃኔ ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በከተማው ሕመማቸውን የሚያውቁት ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ። የታመመ ሰው እንዴት ስፖርት ያስተምራል ተብሎ ከሥራቸው እንዳይነሱ ስለፈሩ፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ እንዳይሞቅ በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ እየቀበሩ፣ ከእንግዳ ዓይን ተሰውረው ጓዳ ይወጉ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ተማሪዎቻቸውን ይዘው ለውድድር ወደ ወደራ ከተማ ሄዱ። መርፌያቸውን ተወግተው፣ ውድድሩ ስለዘገየ ምሳ ሳይቀምሱ ከልጆቹ ጋር ሲሮጡ ድንገት ላብ አጠመቃቸው፤ ንግግራቸው ተሳሰረ፤ መቆምም አቃታቸው። አብረዋቸው የሄዱት አቶ ሸዋንግዛው ደግፈው ወይዘሮ መሊካ ሻይ ቤት አስገቧቸውና፣ «የስኳር በሽታ አለባት፤ አሁን በጣም ወርዶባት ነው፤ ቶሎ ስኳር ስጡን!» አሉ። ወይዘሮ መሊካ ግን የስኳሩን ጣሳ አንስተው ከኋላቸው ደበቁት።

«ስኳር ነው የያዛት እያሉኝ ስኳር ላጠጣት? በእኔ ቤት ነፍስ አይጠፋም!»

ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እውነታቸውን ነው አለ። አቶ ሸዋንግዛው ጣሳውን ነጥቀው፣ በጥብጠው ባያጠጧቸው ኖሮ ይህ የሕይወት ታሪክ ያን ጊዜ በተነበበ ነበር። ነፍሳቸው መለስ ሲል ወይዘሮ መሊካ እያለቀሱ፣ «አንቺ ልጅ፣ የሚገድልሽም የሚያድንሽም አንድ ነገር ነው እንዴ? ምነው ቀደም ብለሽ ለሰው ብትናገሪ!» አሏቸው።

ይህ ቃል ከልባቸው አልወጣም። ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት ቆመው ሕመማቸውን በስሙ ተናገሩ። ቃላቸው ሲምታታ ጣፋጭ እንዲሰጧቸው፣ ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳያፈሱ ወደ ክሊኒክ እንዲያደርሷቸው አስተማሩ። የፈሩትም አልቀረም፤ በዚያው ሳምንት ወደ ዕቃ ክፍል እንዲዛወሩ ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤውን ፈርመው ተቀበሉ፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ ግን በራሳቸው ጊዜ ልጆቹን ሜዳ ላይ ማሠራታቸውን አላቋረጡም። እንዲህ አንድ ዓመት ቆይተው፣ ወላጆች አቤት ብለውላቸው በ1971 ዓ.ም. ወደ ማስተማር ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ሕመሙን ሸሽጎ የኖረ ሁሉ ቤታቸውን ያንኳኳ ጀመር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አስም፣ ደም ግፊትና ስኳር ያለባቸውን ሰብስበው በእግር ያስኬዷቸው ነበር። ከዱብሉቅ መጥተው ነጌሌ የተቀመጡ አቶ ዳዳቻ የተባሉ አረጋዊ፣ በቦረና ሰላምታ «ናጋ ነው መምህርት? ዕድሜ ልኬን ከከብት ኋላ ስሄድ የኖርኩትን ሰውዬ መራመድ ልታስተምሪኝ ነው?» ብለው አሳቋቸው። ሦስት ዓመት ሳያስታጉሉ ተራመዱ።

በ1973 ዓ.ም. ሐኪሞች ያልጠበቋት ልጃቸው፣ የአያቷን ስም የወረሰችው ብርሃኔ፣ በሰላም ተወለደች። በ1980 ዓ.ም. የዓይናቸው ብርሃን ሲደክም ከሜዳው ዳር ወንበር አስቀምጠው፣ የተማሪውን የእግር ኮቴ እያዳመጡ ያስተምሩ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳውን፣ የሰነፈውንም ለይተው በስሙ ይጠሩት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለቤተሰቡ አንድ አደራ ሰጥተዋል፤ «በቀብሬ ላይ ‹ባደረባቸው ሕመም› ብላችሁ እንዳትሸፋፍኑብኝ» ብለዋል። እንግዲህ እንደ ቃላቸው ይነበባል፦ መምህርት ጉያቱ ገልገሎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከስኳር በሽታ ጋር ኖረው፣ ሠርተው፣ ሮጠው፣ በዚሁ በሽታ ኩላሊታቸው ደክሞ ጥር 19 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በ37 ዓመታቸው አርፈዋል።

እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ የአሥር ዓመት ልጃቸውና ሁለት እህቶቻቸው በሕይወት አሉ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በሰላሙ ይቀበል። ዛሬ በመካከላችን ሕመሙን ደብቆ የቆመ ሰው ካለም፣ ከዚህ ሳይሄድ አጠገቡ ላለው የሚነግርበትን ድፍረት ይስጠው። አሜን።