የእማዬ እንዶድና የእኔ ዓሦች

ሰኞ

«ይኼ ሐረግ ምን አጥፍቶ ነው አፈር የተከለከለው?» አለችኝ እማዬ ዛሬ ጠዋት። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። በርጩማዋን የዓሣው ገንዳ ፊት አስጠግታ፣ ውኃው ውስጥ የተንጠለጠለውን ሥር በመስታወቱ አሻግራ አንድ በአንድ ታያለች።

አስረዳኋት። ዓሦቹ ይበላሉ፣ ቆሻሻቸው ውኃው ውስጥ ይቀራል፣ ሐረጉ ደግሞ ያንን በሥሩ ይመገበዋል፣ ውኃውም ይጠራል። ቅጠሉ ከላይ፣ ሥሩ ከታች። ስፖንጅ በስቼ ገንዳው አፍ ላይ ያቆምኩት ለዚህ ነው። «ፍግ ነው በይኛ» አለች። ኩዌት ሦስት ዓመት ሰው ቤት ተቀጥሬ የማዳሜን የዓሣ ገንዳ ሳጥብ ስኖር እንዲህ በአንድ ቃል የጨረሰልኝ ሰው የለም።

እማዬ እኔ ጋ ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ስኳሯ ከፍ ብሎ ማሳ ዳር ወድቃ ከተገኘች በኋላ ሐኪሙ ከሆስፒታል እንዳትርቂ አላት። መርፌዋ ፍሪጅ ይፈልጋል፤ ገጠር ያለው ቤታችን መብራት የለውም። ጠዋትና ማታ የምወጋት እኔ ነኝ። ወግቻት፣ አብልቻት ፀጉር ቤቱን ልከፍት እሄዳለሁ፣ እሷ ብቻዋን ትውላለች። ልብስ እንዳታጥብ ከልክያታለሁ። ውኃ እንዳትቀዳም ከልክያታለሁ። ዕድሜዋን ሁሉ እጇ ሥራ ያልፈታ ሴት አሁን ቀኑን ሙሉ ዓሣ ታያለች።

ትናንት «ቅዳሜ ጋሻው ለገበያ ሲመጣ አብሬው ብሄድስ» አለች። ጋሻው ታናሽ ወንድሜ ነው፣ እርሻውን የያዘው እሱ ነው። እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። ከሄደች እንደገና ትወድቃለች።

ማክሰኞ

መብራት ጠፍቶ ዋለ። የገንዳው ውኃ ማጣሪያ ሞተር ቆመ። አምና ቢሆን ኖሮ አልቅሼ ነበር፤ ሐረጉን ከመትከሌ በፊት መብራት በሄደ ቁጥር ውኃው ይደፈርስና ዓሦቹ ያልቁብኝ ነበር። ዛሬ ሰባቱም ደህና ናቸው።

እነዚህን ወርቃማዎች ከባሕር ዳር በላስቲክ ከረጢት፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ያመጣኋቸው። መንገድ ላይ ሐሙሲት ከተማ የተሳፈረ ሰውዬ ሲያያቸው ቆይቶ «እህቴ፣ እነዚህ እኮ ለአንድ ጉርሻም አይሆኑም» አለኝ። መኪናው ሙሉ ሳቀብኝ።

የዛሬ ደስታዎች፦ ሐረጉ አዲስ ቅጠል አወጣ። የእማዬ ስኳር ወረደ። እራት ላይ የልጅነት ወሬ አወራችኝ። ስለ ቅዳሜ አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም።

ረቡዕ

አምስቱ ሞቱ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስገባ እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ፣ ፊቷ በርቷል። «ነይ እይ» አለችኝ፣ እጄን ይዛ። ገንዳው እንደዚያ ጠርቶ አይቼው አላውቅም። መስታወቱ ያብረቀርቃል። የሐረጉ ሥር እንደ ታጠበ ጥጥ ነጥቷል። ጥግ ጥጉ ላይ ደግሞ አረፋ አለ። ዓሦቹ ጎናቸውን ሰጥተው ተንሳፍፈዋል፣ ሁለቱ ብቻ አፋቸውን ከውኃው አውጥተው ያለከልካሉ።

ለካ እማዬ ሥሩ ላይ የተለጠፈውን አረንጓዴ ንፍጥ አይታ ለሐረጉ አዘነች። ሐረጉን አወጣች። ከገጠር ያመጣችውን እንዶድ ወቅጣ፣ ጋቢ እንደምታነጣበት አድርጋ ሥሩን አሸችው። በተረፈው መስታወቱን ከውስጥ ፈተገችው። ከዚያ ሁሉንም ወደ ቦታው መለሰች። እኔን ለማስደሰት።

ሁለቱን አፍሼ ሳፋ ውስጥ፣ ትናንት የቀዳሁት ውኃ ውስጥ ጨመርኳቸው። እየሮጥኩ ጮህኩ። «ማን ንኪ አለሽ? አርፈሽ መቀመጥ ምን ያቅትሻል?» አልኳት። ለእናቴ። የተናገርኩትን እዚህ የምጽፈው ነገ አላልኩም ብዬ እንዳልዋሽ ነው።

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ኋላ እንዲህ አለች፦ «እንዶድ ዓሣ እንደሚፈጅ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ወንዝ ቢሆን እጄን እሰበስብ ነበር። ይኼ ግን ዕቃ መሰለኝ ልጄ። ዕቃ ደግሞ ይታጠባል።»

ረቡዕ ነው፣ ጦም። የነፍስ አባቷ ስለ ስኳሯ ብዪ ብለዋታል፤ እኔም ጠዋት አብልቻት የሄድኩ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ያቀረብኩላትን ቁርስ አልቀመሰችም። አፏ ሲደርቅ አየሁና ሽሮ አሞቅኩላት። ጥቂት በላች፣ እኔን ሳታይ።

ሐሙስ

ሁለቱ ዓሦች በሕይወት አሉ። ገንዳውን ሰባት ጊዜ አለቀለቅኩት። ሐረጉ ጠውልጓል፣ የታሸው ሥር ተበጣጥሷል።

እማዬ ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ በር ሥር አስቀምጣለች። እኔ አሁንም ይቅርታ አላልኳትም። ሥራ ቦታ አንዲት ደንበኛ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ረስቼ «ጆሮዬ ተጠበሰ!» ስትል ነው የነቃሁት።

ለምን እንደዚያ እንደጮህኩ ሳስብ ዋልኩ። ኩዌት ቀን ከሌሊት ስሜ ሲጠራ፣ ገንዳውን በማጥብበት ሰዓት ብቻ ማንም አይጠራኝም ነበር። አገሬ ስገባ ለራሴ ብዬ ያሠራሁት የመጀመሪያ ነገር ያ የመስታወት ገንዳ ነው። ይኼን ለእማዬ ነግሬያት አላውቅም። እሷ ኩዌት ደልቶኝ የመጣሁ ነው የሚመስላት።

ዓርብ

ምሳ ሰዓት ላይ ሳልናገር ቤት መጣሁ። ቢላ ይዛ ሐረጉን እየቆራረጠችው ነው። ልጮህ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ሥሩን ሁሉ አስወግዳ፣ እያንዳንዱን ከአንጓው በታች ቆርጣ ብርጭቆ ውስጥ ታቆማለች። በቤቱ ያለው ብርጭቆ ሁሉ መስኮቱ ላይ ተሰልፏል። ለመጠጫ አንድ አልተረፈም።

«ሥር የሚወጣው ከአንጓው ነው» አለች ሳትዞር። «ውኃውን ከማሰሮው ነው የቀዳሁት፣ ያደረውን። እጄንም ከእንዶዱ በደንብ ታጥቤ ነው።» እጇን ዘርግታ አሳየችኝ፣ እንደ ልጅ። ያን ጊዜ ማልቀስ ነበረብኝ፤ «ጥሩ ነው» ብዬ ወደ ሥራ ተመለስኩ። እንዴት ያለሁ ድንጋይ ነኝ።

ቋጠሮው አሁንም በር ሥር ነው። ነገ ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ

ጋሻው ገበያውን ጨርሶ ካሰብኩት ቀድሞ ደረሰ። ከፀጉር ቤት ሮጬ ስደርስ ቋጠሮውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል፣ እማዬም ዘንጓን ይዛለች። ባጃጁ ውጪ ይጠብቃል። «ደህና ዋይ እታለም» አለኝ ጋሻው፣ ፊቴን ሳያይ።

ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ጠፋብኝ። «እማ፣ ይቅር በዪኝ» አልኳት። «ለዓሣው ብዬ አይደለም የጮህኩት። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ወድቀሽ አገኝሽ ይሆን ብዬ እየፈራሁ ነው በሩን የምከፍተው። እንዳትደክሚ ብዬ እጅሽን አሰርኩት። አትሂጂብኝ።» ከዚያ ያለፈውን ሁሉ አለቀስኩት።

እማዬ ወደ ጋሻው ዞረች። «አንተ፣ መርፌ መውጋት ትችላለህ?»

«እኔ?» አለ ጋሻው። እንኳን መርፌ፣ ደም የሚለው ቃል ፊቱን ያነጣዋል። «አንቺን? ኧረ በማርያም!»

«እንግዲያ አውርደው» አለችው።

ቋጠሮውን አወረደ። ባጃጁ ላይ ብቻውን ሄደ።

ዘንጓን ግን አላስቀመጠችም። «ልብሱን ከዛሬ ጀምሮ የማጥበው እኔ ነኝ» አለችኝ። «ውኃውን አንቺ ቅጂ። እሱን ካልፈቀድሽ የሰኞ መኪና አለ።»

«እሺ» አልኩ።

ይኼን ስጽፍ ግቢ ውስጥ የፀጉር ቤት ፎጣዎቼን ታጥባለች። በሳሙና። እስከ መቼ እንደምትቆይ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። አሁን ድምፅዋ ይሰማኛል፣ «ይኼ ፎጣ ምን ነክቶት ነው?» እያለች ለብቻዋ ትቆጣለች።