የታደሰ ስም በአቤቱታው ላይ

ጥር 13 ቀን 1978

ዛሬ የወንድሜ የታደሰ የአርባ ቀን ተዝካር ነበር። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ስለተከለከለ ሰዉ ስለ አዲሱ መንደር የመከረው እዚያው ዳሱ ውስጥ ነው። የገብስ ማሳችን ላይ ችካል ተተክሏል፤ ቤታችንን አፍርሰን እዚያ እንድንሰፍር ታዘናል። መንደሩ ማሳችን ላይ እንዳይሠራብን የሚለምነውን አቤቱታ እኔ ጻፍኩ። ስም መጻፍ ላይ ስንደርስ ሁሉም ወደ ኋላ አለ። መጀመሪያ የተጻፈው አድመኛ ተብሎ ይታሰራላ።

«ጋሽ በቀለ፣ ለጠላው ቀድመው አልነበር? አሁንም ይቅደሙ እንጂ» አላቸው አንዱ ጎረቤት።

«ጠላ አያሳስርም፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

አባባ ወደ እኔ ዞረ። «የታደሰን ስም ጻፍ። እሱን ከየት አምጥተው ያስሩታል?»

ጻፍኩት። ሌሎቹ ከሥሩ ተከተሉ። አባባ ከስሙ ፊት «ሟች» ብዬ እንዳልጽፍ አስጠነቀቀኝ። ባይነግረኝም አልጽፈውም ነበር።