ከተቀበረ በኋላ ድምፅ የሰጠው ባለአክሲዮን

ለተከበሩ አቶ ሉቃስ፣
የጽኑ ወዳጅ ማይክሮ ፋይናንስ የቦርድ ሰብሳቢ፣
አቃቂ

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ ይሁን እያልኩ፣ አንድ ከባድ ዜና በታላቅ አክብሮት አሳውቅዎታለሁ። ባለፈው የካቲት የቀበርነው አባቴ ሙሀመድአወል፣ ኅዳር ላይ በተካሄደው የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ሰጥቷል። የመረጠው እርስዎን ነው። እንኳን ደስ አለዎት!

ከደስታው ጎን ለጎን ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

1. እናቴ ዓሊማ፣ አባቴ የተወላት የመለዋወጫ ሱቅ በኪራይ ዕዳ እንዳይዘጋ ብላ አክሲዮኑን ለመሸጥ የወራሽነት ማስረጃዋን ይዛ ቢሯችሁ ስትመላለስ፣ “ባለቤቱ በአካል ይቅረብ” ተብላለች። ሕግ አክባሪነታችሁ ያኮራል። በአካል የሚቀርበው ግን አከራዩ ብቻ ነው፤ እሱ ቀርቶ አያውቅም።

2. በጉባኤው ዕለት እርስዎን ልናናግር መጥተን፣ ባለአክሲዮን አይደላችሁም ተብለን ከአዳራሹ በር ላይ ቀረን። እዚያው እንደቆምን የአባቴ ስም በድምፅ ማጉያ ተጠራ። አንድ ሰው “አለ!” ብሎ መለሰ። እናቴ ሻሿን አስተካከለች።

3. “አለ” ያሉት የባለቤትዎ ወንድም ናቸው፣ የአባቴን ውክልና ይዘው። ውክልናው ከአባቴ ጋር መቀበሩን የነገራቸው የለም መሰለኝ። ቅሬታችንን ስናቀርብ ወደ ኦዲት ኮሚቴው ተመራን፤ የኮሚቴው ሰብሳቢም እሳቸው ሆነው ተገኙ። ራሳቸውን በጥብቅ መርምረው ንጹሕ መሆናቸውን ስላረጋገጡልን እናመሰግናለን። አማች አማቹን ሲቆጣጠር ደግ ነው፣ ነገሩ እሁድ ምሳ ላይ ያልቃል።

መሞቱን አልሰማሁም እንዳይሉኝ ደግሞ፣ ቃሬዛውን ከእኔ ፊት ተሸክመው የሄዱት እርስዎ ነዎት። ስለ ትከሻዎ ከልቤ አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ቀልዱ ስለጠፋብኝ ይቅርታ።

ከሕያዋንም ከሙታንም መራጮችዎ ጋር ረጅም የሥልጣን ዘመን የሚመኝልዎ፣
ገና በሕይወት በመኖሩ ድምፅ የሌለው፣
ዚያድ ሙሀመድአወል

ሳልረሳው፦ እናቴ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላለች። አባቴ ለስብሰባ አቃቂ ድረስ ከመጣ፣ ቤት ሳይገባ ለምን ተመለሰ? መልሱን ለመላክ አይቸኩሉ፤ ሱቁ ሰኞ ዕለት ተዘግቷል። ለነገሩማ ይሄን ያህል የሚያስጽፍ ጉዳይም አልነበረም። ያሸነፉት በሰፊ ልዩነት ነው፤ የአባቴ ድምፅ ባይጨመርም ያው ነበር።