መሬቱ የበላው

ሆሳዕና፣ ጥር 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለተረፈ ኤርሲዶ
አሥመራ

በጌታ ሰላም እንዴት ከርመሃል? እኔና እናትህ፣ ስሙ ይመስገን፣ ደህና ነን።

ዐምና ለቤቱ ብለህ የላክኸው ገንዘብ ለቆርቆሮ ይተርፋል ብዬህ ነበር። አልተረፈም። ግድግዳ ሳይቆም መሬቱ ብቻ በላው። መጀመሪያ ያደከመን የባሕር ዛፉ ጉቶ ነው። በሰፈሩ ጉልበት ያለው ጎረምሳ ስለሌለ የነቀልነው እኛ ሽማግሌዎች ነን፤ ስምንት ቀን ፈጀብን።

ከዚያ ደልዳላው ላይ መሠረት ልናወጣ ስንል እናትህ ከለከለችን። አንተ የዘመትክ ሳምንት የተከለችው እንሰት እዚያ ነው። «መጥቶ ሳይበላው አይነካም» አለች። አናጢው አበራ «እማማ፣ ለአንድ እንሰት ተብሎ ቤት ቁልቁለት ላይ አይሠራም» ብሎ ለመናት። እሷ ወይ ፍንክች። ስለዚህ ቤቱን ወደ ቁልቁለቱ አወረድነው፤ ቁልቁለቱን ለመሙላት አፈርና ድንጋይ በጋሪ ስናጓጉዝ ገንዘቡ አለቀ።

ሐሙስ ሐሙስ፣ ደብዳቤ በሚገባበት ቀን፣ ፖስታ ቤት ጎራ እላለሁ። ድንጋይ የማመጣበት መንገድ ላይ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ጉዳይ የለኝም።

እንሰቱ ዘንድሮ ሰባት ዓመት ሞላው። እንደምታውቀው አበባ ካወጣ በኋላ ለምግብ አይሆንም። ትናንት ከመሃሉ አበባ ብቅ ሲል አየሁ። ለእናትህ አልነገርኳትም። እሷም ሳታየው አልቀረችም መሰለኝ፣ በዚያ በኩል ማለፍ ትታለች።

ቆርቆሮው ይቆይ። እንሰቱ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ፣ በራስህ እጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ብትጽፍልን ይበቃናል።

የጌታ ጥላ ከላይህ አይነሣ።

አባትህ ኤርሲዶ