ጠበል የነካው ሞተር

ልጄ እንቁ፣ እግርሽ የረገጠውን ሁሉ እመቤቴ ማርያም ታለምልምልሽ፤ ከክፉ ሰው ትሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽንም ጉልበታቸውን ተሽሏቸዋል፣ ላሚቱም ወልዳለች። ደህና ያልሆነችው አንቺ የገዛሽልን ፒካፕ ብቻ ናት።

ዓመት እንኳ ሳይሞላት ሞተሯ ለሦስተኛ ጊዜ ቀጥ አለ። ወንድምሽ ወንዳወቅ ከቡሬ በርበሬ ጭኖ ሲመጣ መንገድ ላይ ቆመችበት። በርበሬውን ዝናብ ደበደበው፣ እሷም ተጎትታ ፍኖተ ሰላም ገባች።

መኪናዋን ሲሸጥልን ዋስትና ወደ ሰጠን ሰውዬ ሄድኩ። መጀመሪያ ነዳጁ ነው ብሎን ነበር፤ ቀጥሎ ጭነት አብዝታችሁ ነው አለ። አሁን ደግሞ፣ «እማማ፣ ጠበል አስረጭታችኋል አሉ። ውሃ ስለገባበት ዋስትናው አይሠራም» አይለኝም መሰለሽ። የንስሐ አባታችን አባ ገብረሰንበት መኪናዋ የገባች ዕለት ረጨት አደረጓት እንጂ መቼ አጠመቋት? ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የወረደባት መኪና በአንድ እፍኝ ጠበል ተበላሸች ይለኛል፣ ሳያፍር።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ያንኑ ሰውዬ። አዲስ መኪናውን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቁሞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ «አባ ገብረሰንበት፣ ሞተሩንም ይርጩልኝ» ይላል። ቆርቤ ስለነበር አፌን ይዤ አለፍኩ።

ዓይንሽን ለማየት ፈጣሪ ያብቃኝ። ሌላ ገንዘብ እንዳትልኪ። ይልቅ ከውጭ ሲደወልለት ያነሳልና፣ ደውይለት። ምንም አትናገሪው፤ የአዲሱ መኪናው ሞተር ደህና እንደሆነ ብቻ ጠይቂልኝ።

እናትሽ አቻምየለሽ