ስኪው በመንበረ ክብደት

ንጋቱ፣

መንበረን ይዤ ወደ በረዶው ተራራ፣ ታሆ ሄጃለሁ።
"እንሂድ" ያለችኝ እህትህ ራሷ ናት፤ ኮል አድርገህ እንዳትጮህብኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ቴሜስካል ምግብ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ "እህቴ ፈሪ ናት፣ በረዶ አይሆናትም" ስትል ዝም ያልኩት እንግዶች ስለነበሩ ነው።

ፈሪ አይደለችም። ያን ቀን ተራራው ላይ የሰጠሃት የራስህን የበረዶ መንሸራተቻ፣ የራስህን ስኪ ነው። እየተራመዱ የሚሄዱበት የክላሲክ ስኪ የሚመረጠው በሰው ክብደት ነው፣ በምላስ ርዝመት አይደለም። በአንድ እግር ሲቆሙበት መሃሉ ተጭኖ በረዶውን መያዝ አለበት። ያንተ ግን ላንተ ክብደት የተሠራ ስለሆነ ለእሷ አልተጫነላትም፤ ወደ ፊት ልሂድ ባለች ቁጥር ወደ ኋላ ተንሸራተተች። አንተ ቆመህ ሳቅክ።

ባይንዲንግ እያልክ የምትኩራራበት ማሰሪያም ከጫማዋ ጋር አይገጥምም፤ ዓይነታቸው የተለያየ ነው። በፒንሳ ጨምቀህ "ያው ነው" አልካት። ቁልቁለቱ ላይ ተፈታ፣ ወድቃ ጉንጯ ተላጠ።
የስኪ አስተማሪ!

ትናንት ከሥራ ስወጣ ሪችመንድ ወስጃት ለክብደቷ የሚሆን ስኪ ተከራየን። ጫማው ከፊት ቀጭ ብሎ ገባ፣ ተረከዟ እንደልቡ ተነሳ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ሳቀች።

ያንተ ስኪ ጋራዥ ነው። ምስር ፍሪጅ ውስጥ አለልህ፣ አሙቀው።

ያን ቀን ተራራው ላይ አንተን በሰው ፊት "ደንቆሮ" ማለቴ ልክ አልነበረም። መኪና ውስጥ ልልህ ይገባ ነበር።

አሁን ስንወጣ "ለወንድምሽ ምን ብዬ ልጻፍለት?" አልኳት።
"ምንም" አለችኝ።

ነጃት