«‹አዎ›ን ተጫኑ» ላሉን የአካሪኖ ከተማ የመረጃ ደኅንነት ክፍል ኃላፊ

ለክቡር አቶ ኩጂራይ
የአካሪኖ ከተማ አስተዳደር የመረጃ ደኅንነት ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

የጣራው በረዶ እየተናደ ደጃፋችን ላይ በሚወድቅበት በዚህ የብርድ ወራት መገባደጃ እርስዎም ባልደረቦችዎም በጤና እንደ ሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ጉንፋን እንዳይዝዎ፣ ወገብዎን እንዳያምዎ፣ እንቅልፍም እንዳይጓደልብዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ ስለ እንቅልፉ እንኳ ከክፍልዎ አሠራር እንደምረዳው የሚያሰጋ ነገር የለም።

እኔ በቀድሞዋ የኩሬኖ ከተማ የላይኛው ወፍጮ ሰፈር ነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ በፖስታ የላክሁ ሲሆን፣ ሌላ ቅጂ ደግሞ ከቤት ወደ ቤት በሚዞረው የሰፈራችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አያይዤዋለሁ፤ ስለዚህ እርስዎ ባያነቡት እንኳ ያለ አንባቢ አይቀርም።

ክፍልዎ ባለፈው ሳምንት በፖስታ በላከልኝ ማስታወቂያ፣ የማኅበራችን የኢሜይል አካውንት በሌቦች እጅ ስለገባ የአካውንቱ ተጠያቂ የሆንሁት እኔ የጸጸት ደብዳቤ ጽፌ፣ በፊርማ ፈንታ የስም ማኅተሜን አሳርፌ እንዳቀርብ፣ እስከዚያም ድረስ አካውንቱ ተዘግቶ እንደሚቆይ አሳውቆኛል። አካውንቱ ከተዘጋ የከተማው የጥሪ መኪና አይመጣም፤ መኪናው በኢሜይል ካልሆነ በሌላ መንገድ አይጠራምና። መኪናው ካልመጣ ደግሞ ጎረቤቴ ወይዘሮ ማሱኤ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል የምትደርስበት መንገድ የላትም። ነገሩ ይኸው ነው። የሚከተለው አቤቱታ ነገሩ እዚህ እንዴት እንደ ደረሰ ለማስረዳት ብቻ የተጻፈ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ስሙ። ከተማችን ኩሬኖ ከሌሎች ሦስት ከተሞች ጋር ተጠቅልላ አካሪኖ የምትባል አንዲት ከተማ ስትሆን፣ ስሙም በፖስታ ካርድ ውድድር ተመርጦ ሲታወጅልን፣ ዝም አልን። የመቃብሮቻችን አድራሻ ሲቀየር ዝም አልን። የኢሜይል ፕሮግራማችን ግን ዝም አላለም። እናንተ አዲሱን ስም ኢሜይላችንን በሚያስተናግደው ሰርቨራችሁ የማንነት ምስክር ወረቀት ላይ ስትጽፉት፣ በየማኅበሩ ኮምፒውተር የተሞላውን አሮጌ አድራሻ ሳትነኩት ስለ ተዋችሁት፣ ፕሮግራሙ በየጠዋቱ ኩሬኖን ይጠራል፣ አካሪኖ «አቤት» ይላል። በዚህ ጊዜ ከወንበሩ ላይ ካለ ሰው ይልቅ ጥንቁቅ የሆነው ያ ፕሮግራም መስኮት ከፍቶ «የምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ከጠሩት ስም ጋር አይመሳሰልም። መቀጠል ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቃል።

እኔ የተማርሁት ጥያቄውን ሳትጨርስ «አዎ» ያለች ልጅ ለቅጣት ውኃ የሞላ ባልዲ ይዛ ኮሪደር ላይ በምትቆምበት ዘመን ነው። ስለዚህ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አነበብሁት፣ የምስክር ወረቀቱንም ከፍቼ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አየሁና ለክፍልዎ ስልክ ደወልሁ። አድራሻውን እኔው እንዳልቀይረው በእናንተ የተቆለፈ በመሆኑ፣ ወይ እናንተ እንድትቀይሩት፣ ወይ የምስክር ወረቀቱ አሮጌውን ስም ጨምሮ እንዲይዝ በትሕትና ጠየቅሁ። ያነሳው ወጣት እንዲህ ሲል መለሰልኝ።

«አያቴ፣ ምንም አይደለም፤ ዝም ብለው ‹አዎ›ን ይጫኑት።»

«የጠራሁት ሌላ፣ የመጣው ሌላ ነው እኮ የሚለኝ።»

«አዎ፣ እንደዚያ ይላል። እሱ ሁሉም ሰው ጋ ነው የሚለው።»

«ሁሉም ጋ ካለ ለምን አታስተካክሉትም?»

«አዲሱ በጀት ዓመት ሲገባ ይታያል። እስከዚያ ‹አዎ› ነው፣ አያቴ።»

የማን አያት እንደሆንሁ ሊነግረኝ አልቻለም። የልጅ ልጅ የለኝም፤ ቢኖረኝም ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በር ሲያንኳኳ «ግባ» በይ ብሎ የሚመክረኝ አይሆንም ነበር። ይህን ውይይት በተለያዩ ወጣቶች አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ በጀት ዓመቱም አንድ ጊዜ ገብቶ ወጥቷል።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀዩ ቀስት። ስልካችን ስለ በዛባችሁ ይመስለኛል፣ ክፍልዎ የማስጠንቀቂያውን መስኮት ፎቶ አንስቶ፣ «አዎ» በምትለው ላይ ቀይ ቀስት ስሎ፣ በፕላስቲክ ለብጦ ለየማኅበሩ አከፋፈለ። ገንዘብ ከየት መጣ ብዬ አልጠይቅም። የማኅበራችን ሊቀ መንበር አቶ ኡትሱሚ ትእዛዝ አክባሪ ሰው ስለሆኑ ወረቀቱን ከኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ ለጠፉት። እኔ «አዎ»ን ለመጫን እጄ እምቢ ሲለኝ ደግሞ በደግነት «ወይዘሮ ኢኩዮ፣ እርስዎ ፊትዎን ወደ ግድግዳው መስኮት ያዙሩ፤ ኃጢአቱን እኔ እወስደዋለሁ» እያሉ ራሳቸው ይጫኑልኝ ነበር። ፊቴን አዞርሁ። አንድን ነገር መጸየፍና መከልከል አንድ እንዳልሆኑ ያን ጊዜ አላሰብሁትም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሌቦቹ፤ እነርሱ ከእናንተ ይልቅ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። በየካቲት መጨረሻ በከተማው አርማ ያጌጠ መልእክት መጣ፤ የመልእክት ሳጥናችን ስለ ሞላ የይለፍ ቃላችንን እንድናረጋግጥ የሚል። አቶ ኡትሱሚ በመልእክቱ የተጠቆሙትን ቦታ ሲነኩ ያው የምናውቀው ጥያቄ ብቅ አለ፤ ስሙ አይመሳሰልም፣ መቀጠል ይፈልጋሉ? ስሙ ኩሬኖም አልነበረም፣ አካሪኖም አልነበረም፤ ለምላስ የማይመች የፊደል ክምር ነበር። አቶ ኡትሱሚ ግን እናንተ እንዳሠለጠናችኋቸው ስሙን አላዩም፣ ቀስቱን አዩ፣ «አዎ» አሉ፣ የይለፍ ቃሉንም ሰጡ። ማስጠንቀቂያው እውነተኛ ሥራውን የሠራው በዚያች ቀን ነበር፤ እናንተ ግን አስቀድማችሁ ማንም እንዳይሰማው አድርጋችሁት ነበር።

በማግሥቱ ከማኅበራችን አካውንት፣ ከግርጌው የእኔን ሙሉ ስም ይዞ፣ ስለ ወንዶች የመኝታ ቤት ብርታት የሚሰብክ የመድኃኒት ማስታወቂያ ለሸለቆው ነዋሪ ሁሉ ተላከ። ዝርዝሩን ለመድገም ብዕሬ ይጸየፋል። ዓሣ ሻጩ ሲያየኝ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የቤተ መቅደሳችን መነኩሴ ዐዋቂ ሰው ናቸውና «ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ፤ ለጊዜው ግን አያስፈልገኝም» የሚል አጭር መልስ ጻፉልኝ። ወይዘሮ ማሱኤ ከእጥበት ስትመለስ በሬ ላይ ቆማ «እንዴ ኢኩዮ፣ ይሄ ሁሉ መድኃኒት ቤትሽ እያለ ባልሽን እንዲያ በቶሎ የቀበርሽው ምነው?» አለችኝ፤ ከሳቋ ብዛት ምርኩዟ ወደቀባት። ስትስቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ያን ቀን ነው።

አራተኛ፣ ስለ መኪናው። በኩሬኖ የነበረውን ቅርንጫፍ ቢሮ ስትዘጉ፣ ከእንግዲህ ሁሉ ነገር በኢሜይል ነው አላችሁ። ሽማግሌዎች መንጃ ፈቃዳቸውን በፈቃዳቸው እንዲመልሱ ስትቀሰቅሱም የጥሪ መኪና አለላችሁ አላችሁ። አቶ ኡትሱሚ ባለፈው መጸው በከተማው አዳራሽ መንጃ ፈቃዳቸውን አስረክበው እቅፍ አበባና የምስጋና ወረቀት ተቀበሉ፤ ፎቶግራፋቸውም በጋዜጣችሁ ላይ ወጣ። ትንሿ ነጭ የጭነት መኪናቸው ዛሬ የደረቀ ሽንኩርት ማስቀመጫ ሆናለች። በመንገዳችን ላይ ከዚያ ወዲህ መኪና የሚነዳ ሰው የለም።

እናንተ አካውንቱን «ለደኅንነታችን» ስትዘጉ መጀመሪያ ለማኅበሩ ያሳወቃችሁት በዚያው በዘጋችሁት ኢሜይል ነበር። ስለዚህ ወይዘሮ ማሱኤ እንደ ወትሮዋ መኪናው በሚቆምበት በሩዝ መፈልፈያው ፊት ለፊት ወጥታ ቆመች። በረዶ የተቀላቀለ ዝናብ ይጥል ነበር። መኪናው የማይመጣ መሆኑ ሲገባን፣ አቶ ኡትሱሚ ወደ ቤተ መቅደሱ እየሮጡ ሄደው መነኩሴውን ከጸሎት አስነሡ፤ እርሳቸውም በልብሰ ጸሎታቸው የቤተ መቅደሱን መኪና መሪ ጨብጠው አደረሷት። ዘግይታ ስለ ደረሰች እጥበቱ አጠረባት፤ በዚያ ምሽት እግሯ አብጦ ጫማዋ አልወልቅ አለ፤ እኔ ነኝ በመቀስ የቀደድሁት። አቶ ኡትሱሚ ወደ ግድግዳው ዞረው «ቀስቱ እዚያ ላይ ነበር እኮ፣ ያዘዙኝ እዚያ ላይ ነበር» እያሉ እንደ ልጅ ሲያለቅሱ አየሁ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ በዕድሜያቸው ሙሉ የታዘዙትን ያደረጉ ሰው ናቸው። ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ያስጸየፈኝ ይህ ነው።

አምስተኛ፣ የላካችሁልኝ የጸጸት ደብዳቤ ቅጽ «የአደጋው መንስኤ» በሚለው ቦታ ላይ «የተጠቃሚው ግዴለሽነት» ተብሎ አስቀድሞ ታትሞበታል። ድካሜን ስላቀለላችሁልኝ አመሰግናለሁ።

ልፈርም አልፈለግሁም። ያልሠራሁትን ጥፋት ሠርቻለሁ ብሎ ማኅተም መምታት ካልታወቀ ሰው የመጣ ጥያቄን «አዎ» ከማለት በምን ይለያል? ይህንኑ ለወይዘሮ ማሱኤ ነገርኋት። ቀጣዩ ሳምንት የሙታን መታሰቢያ ሳምንት ስለሆነ መነኩሴው ከመቃብር ወደ መቃብር ሲዞሩ ስለሚውሉ ሊያደርሷት እንደማይችሉ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ሰማችኝና፣

«ጨረስሽ?» አለች።

«ጨረስሁ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ኩራትሽ ኩላሊት አይሆነኝም። ምቺላቸውና መኪናዬን አምጪልኝ።»

«ውሸት ነው እኮ የምፈርመው፣ ማሱኤ።»

«ውሸቱ ላንቺ፣ እጥበቱ ለኔ። ደግሞ መነኩሴው ሲነዱ ዐይናቸውን ጨፍነው ነው የሚጸልዩት፤ ከኩላሊቴ በፊት እሳቸው ይገድሉኛል።»

ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ቅጹን ሞላሁ፣ ማኅተሜን መታሁ፣ በሁለት አውቶቡስ ወደ ዋናው ቢሮ ሄጄ በእጄ አስረከብሁ። በመስኮቱ ያለው ወጣት ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ማኅተም መኖሩን አረጋገጠ፣ ወደ ውስጥ ይዞት ገባ፣ ሻይ ተፈልቶ በማይጠጣበት ፍጥነት ተመልሶ «ተቀባይነት አግኝቷል፣ አያቴ። አካውንቱ እስኪከፈት ግን ጥቂት የሥራ ቀናት ይወስዳል» አለኝ። ሰኞ ከጥቂት የሥራ ቀናት በፊት እንደሚመጣ ነገርሁት። በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬን ይቀበሉ። ዘበኛው በጮኸ ቁጥር «ዝም በል» ማለት ደኅንነት እንደሚባል ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። የታዘዙትን ሰዎች ጥፋተኛ፣ ያዘዙትን ደግሞ ይቅርታ ተቀባይ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። በመንግሥት ሥራ ላይ የነበረኝን የቆየ አክብሮት ስላቀለሉልኝም አመሰግናለሁ፤ በዕድሜዬ ከባድ ነገር መሸከም አልችልም ነበርና።

ለክፍልዎ ዕድገትን፣ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜና ሁለት ጤነኛ ኩላሊቶችን እየተመኘሁ፣ ወገቤ የፈቀደልኝን ያህል ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

ኢኩዮ ሙናካታ
የላይኛው ወፍጮ ሰፈር ነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ
(እናንተ አካሪኖ በምትሏት በኩሬኖ ከተማ)

ማስታወሻ፦ ቅጹ ላይ «ዳግም እንዳይከሰት የሚወሰድ እርምጃ» የሚለው ቦታ ባዶ ስለ ነበረ፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ስል ሞልቼዋለሁ፦ «አካውንቱ ተዘግቶ በሚቆይበት ቀን ሁሉ፣ ከተከፈተም በኋላ የስም ማስጠንቀቂያው በሚወጣበት ቀን ሁሉ፣ ወይዘሮ ማሱኤን በገዛ መኪናቸው ወደ ሆስፒታል የሚያደርሱትና የሚመልሱት የመረጃ ደኅንነት ክፍል ኃላፊው ይሆናሉ፤ ኃላፊውም ማኅተማቸውን በማሳረፍ ይህን ግዴታ ተቀብለዋል።» የተመለሰልኝ ቅጂ «ጸድቋል» የሚል ሲሆን፣ የመስኮቱ ሠራተኛ፣ የምክትልዎና የእርስዎ ማኅተም አምሮ፣ ቀልቶ፣ ቀጥ ብሎ አርፎበታል። እርሱንም ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሰፈሩ ሰሌዳ ላይ አያይዤዋለሁ፤ ሰዉ እየተቀባበለ ያነበዋል። ወይዘሮ ማሱኤ ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሩዝ መፈልፈያው ፊት ለፊት ትጠብቅዎታለች። እግሯን ስለሚበርዳት ማሞቂያውን ቀደም ብለው ይክፈቱላት።